ድሬን ቤት አድርጎ በኮንትራት ነርስነት አንድ አመት እንዴት ይሰራል

እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ ስራ የላትም ግን ትሰራለች» ነው የምትለው። ያው እውነቷን ነው። ከሀምሌ 2014 ጀምሮ አንድ አመት ሙሉ ቋሚ ቅጥር ሳይኖረኝ በኮንትራት ነው የኖርኩት፣ አራት ኮንትራት በመሀላቸው ሶስት ክፍተት፣ ክፍተቱንም ሳቢያን ቤቴ ተጋድሜ አላሳለፍኩትም ሀረር ባቢሌ ቁልቢ ስል ከረምኩ። ለመሞከር ለምታስቡ እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ። መርፌ መውጋት የትም ያው ነው እሱ አይከብድም፣ የሚከብደው ካንዱ ኮንትራት በሰላም ወጥቶ ወደሌላው መግባቱ ነው፣ እኔም የተቃጠልኩት እዛ ላይ ነው።

1. ፈቃድና ክትባት

የሙያ ፈቃዳችሁ መቼ እንደሚያልቅ ዛሬውኑ እዩት። ኮንትራት መሀል ካለቀ ማንም አይጠብቃችሁም። የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) ሰርተፍኬቶቻችሁን አንድ ቦታ ሰብስቡ።

ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሶስት ዶዝ ነው፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ ሶስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር ነው የሚወሰደው፣ ስለዚህ ስራ ሳገኝ እከተባለሁ የሚባል ነገር የለም ግማሽ አመት ይፈልጋል። እኔ አንደኛና ሁለተኛውን ድሬ ሶስተኛውን ሀረር ነው የወሰድኩት፣ ካርዱን ግን እንደ አይኔ ብሌን ነበር የያዝኩት።

2. ስራውን የት ማግኘት

ሰው የማያስበው ምርጥ ምንጭ የወሊድ ፈቃድ ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ከወለደች በኋላ 90 ቀን ታርፋለች፣ በድምሩ አራት ወር ክሊኒኩ ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው። የመጀመሪያ ኮንትራቴ ይሄ ነበር፣ አብራኝ የተማረች ልጅ እርጉዝ መሆኗን ስትነግረኝ እንኳን ደስ አለሽ ካልኳት በኋላ ሁለተኛው ጥያቄዬ «የሚተካሽ ሰው አግኝተዋል?» የሚል ነበር። አትፈሩ አታፍሩ።

ሌላው የክትባት ዘመቻ አለ፣ ገጠር የሚዞሩ ተንቀሳቃሽ የጤናና የስነምግብ ቡድኖች አሉ፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲነሳ ደግሞ የህክምና ማዕከል ይከፈትና ነርስ ይፈለጋል። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ይወጣል ግን እውነቱን ለመናገር ሶስቱን ያገኘሁት በሰው ነው። ከመጀመሪያ ደሞዝሽ ይሄን ያህል ትሰጪኛለሽ የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ በሩን አሳዩት።

3. ፊርማ፣ ርክክብና ክሊራንስ (እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ)

ፊርማና ክሊራንስ (ስትለቁ ንብረትም ዕዳም እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠው ወረቀት) አንድ ነገር ናቸው። የገባችሁ ቀን የፈረማችሁበት ወረቀት ነው የምትወጡ ቀን የሚጠይቃችሁ፣ ይሄን ያወቅኩት በእኔ ደርሶ ነው።

ሁለተኛው ኮንትራቴ ሽንሌ አካባቢ ከተንቀሳቃሽ ቡድን ጋር ነበር፣ ሶስት ወር። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ቫክሲን ካሪየር (ክትባት በቅዝቃዜ የሚያዝበት ሳጥን)፣ አንድ ቢፒ አፓራተስ (የደም ግፊት መለኪያ)፣ የህፃናት ሚዛን፣ ሶስት ቴርሞሜትርና የክንድ መለኪያ ቴፖች ተረክቤ ሳላነብ ፈረምኩ፣ መኪና እየጠበቀን ነበራ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀበሌ ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የሷ ካሪየር ክዳኑ ተሰብሮ «አባዮ (እህቴ) ለሳምንት ብቻ» አለችኝ። ውሰጂ አልኳት። ወረቀት የለ ምን የለ፣ እህቴ ናት በቃ።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ንብረት ክፍል ሄድኩ። መነፅራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ አንድ አዛውንት ናቸው፣ ወረቀቱን አዩ እቃውን አዩ ደግመው ወረቀቱን አዩ። «የኔ ልጅ ወረቀቱ ሁለት ይላል፣ አንቺ ያመጣሽው አንድ ነው።»

«ጋሼ አንዱ ቀበሌ ነው ያለው፣ ነገ ይመጣል።»

«ሲመጣ እፈርማለሁ።»

ልጅቷ የአመት ፈቃድ ወጥታለች ስልኳም አይሰራም። ነገ ያልኩት 19 ቀን ሆነ። በመጨረሻ ራሴ አይሱዙ ላይ ተጭኜ ቀበሌዋ ድረስ ሄድኩ፣ ካሪየሩ እናቷ ቤት ነው የተገኘው፣ ውስጡ ክር መርፌና የሸሚዝ ቁልፍ ሞልቶ። እናትየው ባዶ ሲያደርጉት እያንዳንዷን ቁልፍ ቆጥረው ነው ያወጡት፣ እሳቸው ከኔ የተሻለ ርክክብ ያውቃሉ። እስከዛ ድረስ ተስማምቼ የነበረው የአተት ማዕከል ስራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፣ ክሊራንስ ይዘሽ ነይ ብለውኝ ስለነበር ማንንም መውቀስ አልችልም።

ህጉን ሳነበው ደግሞ ይባስ አመመኝ። ኮንትራት ሲቋረጥ ቀሪ ክፍያችሁ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት ይላል፣ ሰራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ከዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። እኔ ነኝ እንግዲህ ያ ሰራተኛ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ስረከብ መኪና ቢያንጫርር ባያንጫርር እያንዳንዱን እቃ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፣ መለያ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌ። የተጫረ ወይ የማይሰራ ካለ ወረቀቱ ላይ «ክዳኑ የላላ» ብዬ በእጄ ፅፌ ነው የምፈርመው፣ ሁለቱም ኮፒ ላይ። ለማንም ሳውስ፣ ለአለቃዬም ቢሆን፣ ከደብተር ቅጠል ገንጥዬ አስፈርማለሁ፣ መጀመሪያ ያሳፍራል ከዛ ይለመዳል። ክሊራንሱን ደግሞ መጨረሻው ቀን ሳይሆን አስር ቀን ሲቀር ነው የምጀምረው፣ መጀመሪያ ንብረት ክፍል መጨረሻ ፋይናንስ፣ ምክንያቱም ፋይናንስ የንብረት ክፍሉን ፊርማ ሳያይ አያናግራችሁም። የውሎ አበልና የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ ካለባችሁ መጨረሻው ሳምንት አታድርሱት።

ካሪየር ካነሳን አይቀር፣ ስትረከቡ የክዳኑን ጎማና የበረዶ እሽጎቹን እዩ። እሽጉን ከፍሪዘር እንዳወጣችሁ አትክተቱ፣ ትንሽ ተውትና ስትነቀንቁት ውሃ ሲንቀጫቀጭ ከሰማችሁ ያኔ ነው። ሙቀት ብቻ አይደለም ጠላቱ፣ ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው የህፃናት ክትባት) እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በረዶ ከነካቸው ይበላሻሉ። ሽንሌ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ክትባት በረደ ብሎ መጨነቅ ያስቃል ግን እንደዛ ነው።

4. የስራ ልምድ ወረቀት

ሲጨርሱ የስራ ልምድ ማግኘት መብት ነው፣ የስራው አይነት፣ የሰራችሁበት ጊዜና ደሞዝ መፃፍ አለበት። መንግስት ቤት ለመወዳደር ከፈለጋችሁ ከግል የመጣ ልምድ ላይ ግብር የተከፈለበት መሆኑም እንዲጠቀስ ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው አስፅፉት፣ ከአመት በኋላ ተመልሳችሁ ስትሄዱ የሚያውቃችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ወረቀቴ «ከ01/11/2014 እስከ 30/02/2015» ነው የሚለው፣ ለኛ ከሀምሌ እስከ ጥቅምት መሆኑ ግልፅ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት ፎርም ላይ ኦንላይን እንዳለ ሳስገባው ቀይ እየበራ አልቀበልም አለኝ። ኔትወርክ መስሎኝ ሶስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ስልክ ቀየርኩ። ለካ በፈረንጅ 30/02 የሚባል ቀን የለም፣ ፌብሩዋሪ 30! ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተቀብሎት ቢሆን ኖሮ ነው፣ ጭራሽ ስምንት አመት ወደኋላ ይወስደኝ ነበር። አሁን ሁለቱንም አስፅፋለሁ፣ ከሀምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. (ጁላይ 8 ቀን 2022) እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኖቬምበር 9 ቀን 2022) ተብሎ፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ። ፀሀፊዋ ትነጫነጫለች፣ ትነጫነጭ።

ማህተሙ ሳይደርቅ ስካን አርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ፎቶ ሳይሆን ፒዲኤፍ።

5. የክፍተቱ ብር

ቁጠባ ቁጠባ የሚሉ ሰዎች ኮንትራት ሰርተው አያውቁም መሰለኝ። እጄ ላይ ያለ ብር ድሬ ላይ ፈጢራና ሚሪንዳ ሆኖ ያልቃል። ለኔ የሰራልኝ እቁብ ነው፣ ግን ዘዴ አለው፣ ሰብሳቢውን ቀድማችሁ ታናግሩና እጣችሁ ቶሎ ከወጣ ለቸኮለ ሰው ትለዋወጣላችሁ፣ እንዲደርሳችሁ የምትፈልጉት ኮንትራቱ ያለቀበት ወር ነው። ሌላው ያልተጠቀማችሁበት የአመት ፈቃድ ካለ በብር ተሰልቶ እንደሚከፈል አትርሱ፣ ለአንድ አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ለአራት ወር ደግሞ እንደ ድርሻው። ካልጠየቃችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

6. በመሀል መዞር

ሻንጣ ስለማዘጋጀት አልፅፍም ትልቅ ሰው ናችሁ። ሹራብ ያዙ ብቻ። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት ሀረር ደግሞ 1900 ልትደርስ ምንም አይቀራት፣ መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ደንገጎን ስትወጡ አየሩ በአንዴ ይቀየራል። ወደ ግራ ሀረር፣ ወደ ቀኝ ቁልቢ።

ቁልቢ ለመሄድ ታህሳስ 19 ወይ ሀምሌ 19 ከሆነ ትራንስፖርት ቀደም ብላችሁ ያዙ። ስለት ባይኖራችሁም ሂዱ፣ እኔ ባዶ እግሬን ወጥቼ ውሃ የቋጠረ እግር ሳክም ነው የዋልኩት፣ ነርስ መሆኔን ያወቀ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል።

ሀረር ላይ ጀጎል ውስጥ ሁለት ቀን በቂ ነው ይላሉ፣ እኔ አምስት ቀን ቆይቼ አልጠገብኩም። አስጎብኚ መጀመሪያው ቀን ብቻ ያዙ ከዛ ጥፉ፣ ግንቡ ዙሪያውን ስላለ የትም ብትጠፉ አንዱ በር ላይ ትወጣላችሁ። ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት ካልቀረ በዱላ ጫፍ ስጋ አንጠልጥሎ ማብላቱን ተውትና ራቅ ብላችሁ የሚያበላው ሰው ሲጠራቸው ስሙ፣ ስም አላቸው እኮ። ጠዋት ብርድ ሲሆን ደግሞ ቁጢ ጠጡ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው።

ድሬ ለምትመጡ ደግሞ የነርስ ምክር፣ ያረፋችሁበት ግቢ ሮቶና በርሜል ክዳን እንዳለው እዩ። ከተማችን ውስጥ ወባ የምታመጣው አዲሷ ትንኝ፣ ስቴፈንሳይ የምትባለው፣ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም የቤት ማጠራቀሚያ ውሃ ይበቃታል። ከተማ ነው ብላችሁ አጎበር አትተዉ። ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ የወባ መድሀኒት አትዋጡ፣ ዴንጊም አለ፣ ተመርመሩ። ኮንትራት ላይ ስትሆኑም አስር የሱማልኛና የኦሮምኛ ቃል ያዙ፣ «ሹባን» ተቅማጥ መሆኑን የማታውቅ ነርስ ሽንሌ ምን ትሰራለች።

7. ስልኩ ሲደወል

ስራ ሁሌ የሚደወለው መንገድ ላይ ስትሆኑ ነው። የመጨረሻው የተደወለልኝ ባቢሌ ነው፣ ዝሆን ለማየት ብዬ በጠዋት ወጥቼ፣ የዝሆን መጠለያው ውስጥ ለመግባት ስካውት መያዝ አለባችሁና እሱን እየጠበቅኩ የባቢሌ ለውዝ እየፈለፈልኩ ነበር።

«ሲስተር፣ ሰኞ መግባት ትችያለሽ?»

እንደ ድሮው ቢሆን እሺ እል ነበር። አሁን እሺ ከማለቴ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ፣ ኮንትራቱ በስንት ቀን ያልቃል፣ ውሎ አበል በየስንት ጊዜ ይከፈላል፣ ማደሪያ ማን ይችላል፣ እቃ የሚያስረክበኝ ማነው። አራተኛውን ስጠይቅ ሴትየዋ ሳቀች። «ከዚህ በፊት ተቃጥለሻል ማለት ነው» አለችኝ።

ክሊራንሱንና የስራ ልምዱን እዛው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በቴሌግራም ላክሁላት፣ ከምሳ በፊት እሺ አሉኝ። ስካውቱ መጣና ወደ ኤረር ሸለቆ ወረድን፣ ሶስት ሰአት ተኩል ዞረን ያየነው ፋንድያና የተሰበረ ግራር ብቻ ነው። ስመለስ የቀረውን ለውዝ ለእናቴ ወሰድኩላት።