በፋየርዎል ላይ ኬብል ሲያሳልፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ለክንፉ ዓመታት ይሰጣል። የፋየርዎሉን ቀዳዳዎች ለመድፈን ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ከሰዓት ብቻ ይመድባል። ሥራው የሚመጣው ወደ ማብቂያው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ሞተሩን ለማስነሳት እንቸኩላለን።

ፋየርዎል የምንለው ሞተሩን ከአብራሪው የሚለየው ስስ ላሜራ ነው። በአሜሪካ የፋብሪካ ትናንሽ አውሮፕላኖች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የኖረው ደንብ፣ ይህ ግድግዳ 1,093 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ነበልባል ለ15 ደቂቃ እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር። ከስቴንለስ ስቲል ከተሠራ 0.38 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃዋል። በግል የሚሠራ አውሮፕላን በዚህ ደንብ አይገደድም፤ እኔ ግን የራሴን ሥራ የምለካው በዚሁ ነው። ላሜራውን ሁሉም ሰው በደንብ ይሠራዋል። ችግሩ የሚመጣው የስሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው)፣ የሚክስቸሩ (ነዳጅና አየሩን የሚመጥነው) እና የካቢን ማሞቂያው ኬብሎች እንዲያልፉበት ስንበሳው ነው።

ሰፊ ቀዳዳ በስቶ በሲሊኮን መሙላት

አብዝቼ የማየው ይህን ነው። የኬብሉ ጫፍ ከኬብሉ ስለሚወፍር ቀዳዳው ለጫፉ ተብሎ ይሰፋል። ኬብሉ ካለፈ በኋላ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል፤ እሱም በሲሊኮን ይሞላል። ሲያዩት ያማረ ነው። እሳት ሲመጣ ግን ላሜራው ይቆማል፣ ሲሊኮኑ አመድ ሆኖ ይረግፋል፣ ቀዳዳውም እንደነበረው ይከፈታል። በበረራ ላይ ከፊት የሚገባው አየር በኮፈኑ ውስጥ ግፊት ስለሚፈጥር፣ ነበልባሉ መንገድ ካገኘ የሚሄደው ወደ አብራሪው እግር ነው።

ቀዳዳውን መዝጋት ያለበት ብረት ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ፦ ለሁለት የተከፈለ፣ ኬብሉን በመሃሉ የሚያቅፍ የብረት ኳስ። ኳሱ በሁለት ሳህኖች መካከል ተይዞ ስለሚዞር ኬብሉ ሳይታጠፍ በሚፈልገው አቅጣጫ ያልፋል። እሱ ካልተገኘ ከስቴንለስ ላሜራ ሁለት ቁራጭ ይቆርጣሉ፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የኬብሉን ግማሽ ክብ በሞረድ ያወጣሉ፤ ከዚያ አንዱን ከግራ ሌላውን ከቀኝ ገጥመው በብረት ብሎንና ዳዶ ያስራሉ። በትዕግሥት ከተሞረደ የሚቀረው ክፍተት ፀጉር ቢያስገባ ነው። መድፈኛው የሚገባው እዚያች ክፍተት ላይ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኬብል ደግሞ የራሱ ቀዳዳ ይኑረው፤ ሁለት ኬብሎች በአንድ ቀዳዳ ካለፉ በመካከላቸው ያለችውን ሦስት ማዕዘን ክፍተት የሚዘጋ ብረት መሥራት ፈተና ነው።

የሚቀልጥ ነገር መግጠም

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ በስቴንለስ ግድግዳ ላይ የአሉሚኒየም ሳህን በአሉሚኒየም ሪቬት መምታት፣ ለብረት በር የሰም ማጠፊያ እንደመግጠም ነው። ያው የፋብሪካዎቹ ደንብ በፋየርዎል ላይ የሚገጠሙ ዕቃዎች ከብረት ወይም ከመዳብ ቅይጥ ከሆኑ ያለ ፈተና ይቀበላቸው ነበር። የፕላስቲክ ቀለበትና የፕላስቲክ ማሰሪያ ከአሉሚኒየሙም ቀድመው ያልቃሉ። የጎማ ቀለበት ኬብሉ በላሜራው ስለት እንዳይፈገፈግ ይረዳል፤ ግን ከሞተሩ በኩል በብረት ሳህን መሸፈን አለበት። የካቢን ማሞቂያውን ሳጥንም አይርሱ። ኬብሉን በጥንቃቄ ደፍነው፣ አጠገቡ በላሜራው ላይ የተቀመጠው ትልቁ የማሞቂያ በር ከአሉሚኒየም ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

መድፈኛውን በቀለሙ መምረጥ

ቀይ ሲሊኮን ለሞተር ጋስኬት የተሠራ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚችለው 260 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 340 አካባቢ። ከነበልባል ጋር አይገናኝም። ለአውሮፕላን ፋየርዎል የሚሠራ መድፈኛ አለ፤ ውድ ነው። ለሕንፃ እሳት መከላከያ የሚሸጡትንም ብዙ ሠሪዎች ይጠቀማሉ። የትኛውንም ቢገዙ፣ በቁራጭ ላሜራ ላይ ቀብተው ያድርቁትና ከቤት ውጭ በጋዝ ችቦ ያቃጥሉት። አንዱ በሰከንዶች ውስጥ ጭስ እያወጣ ይሰነጣጠቃል፣ ሌላው ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ይይዛል። ልዩነቱን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ በማስታወቂያ አልገዛም። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን አሲድ ስለሚለቅ ብረትና የኤሌክትሪክ ግንኙነት ይበላል፤ ይተዉት። ከጣሳ እየተነፋ የሚያብጥ ፎም ደግሞ ራሱ ነዳጅ ነው፤ ጭሱም መርዝ ነው። በአውሮፕላን አጠገብ አይድረስ።

ከመቀባትዎ በፊት ቦታውን በአሴቶን ያጽዱ። የጣት ቅባት እንኳ መድፈኛውን ያስለቅቀዋል።

የሚንቀሳቀሰውን መድፈን

የስሮትል ኬብል ሁለት አካል አለው፦ የውጭ ሽፋንና በውስጡ የሚንሸራተት ሽቦ። የሚደፈነው በሽፋኑ ዙሪያ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ስሮትሉ ጠዋት ጠዋት ይደርቅብኛል ብሎ ጠራኝ። ኮፈኑን አውርደን ስናይ፣ መድፈኛው ሳይደርቅ ወደ ታች ወርዶ ሽቦው ከሽፋኑ በሚወጣበት አፍ ላይ ረግቷል። በጥፍሬ ስልጠው የስንዴ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወጣች። ያችው ነበረች ስሮትሉን የምትይዘው። በማረፊያ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው ዛሬም ይጨንቀኛል።

መድፈኛ ኬብል አያስርም። ሽፋኑ በሞተሩ በኩል በብረት መያዣና በፋሼታ ካልታሰረ፣ ስሮትሉን ሲገፉ ሽቦው ሳይሆን ሽፋኑ ይሄዳል። ሁሉም ከደረቀ በኋላ አንድ ሰው ኮክፒት ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ካርቡሬተሩ ጋ ይቁም፤ ማንሻው በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያውን መንካቱን በዓይን አይቶ ይናገር።

ከእሳቱ ሌላ ምንም የለም ብሎ ማሰብ

የሞተር እሳት አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። ከማርሚታው የሚያፈስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም ሳይኖረው በየበረራው በዚያችው ቀዳዳ ሊገባ ይችላል። የእግር ኳስ ተጫዋቹን ኤሚሊያኖ ሳላን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ይዞት ይበር የነበረው ፓይፐር ማሊቡ ባሕር ላይ ወደቀ፤ በደሙ ውስጥ 58 በመቶ ካርቦክሲሄሞግሎቢን (ይህ ጋዝ የያዘው የደም ሄሞግሎቢን) ተገኘ። ያ አውሮፕላን የፋብሪካ ሥራ ነበር፣ ጋዙም የመጣው ከጭስ ማውጫው ሥርዓት እንደሆነ ነው የታመነው። ድምፅ የሚያሰማ የጋዝ መለኪያ ግን አልነበረውም። እርስዎ ይግጠሙ፤ ጋዙ ሲኖር ቀለሙን የሚቀይረው ካርድ ካላዩት አይጠራዎትም።

የፋየርዎሉ ፈተና በጨለማ ነው። ኮፈኑን ሳልገጥም፣ የጋራዡን መብራት አጥፍቼ ብርቱ የእጅ ባትሪ ለወንድሜ ሰጠሁትና ከሞተሩ በኩል በላሜራው ላይ ቀስ እያለ እንዲያዞረው ነገርኩት። እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ከመሪው ፔዳል ሥር አስገባሁ። የስሮትሉ ጨለማ ነበር፣ የሚክስቸሩም ጨለማ። የማሞቂያው ኬብል ላይ ሲደርስ ከሳህኑ በታች መርፌ የወጋው የሚመስል ብርሃን ታየኝ። «እዛው ቁም!» አልኩትና አጠገቡ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩ። በማግስቱ ሳህኑን ፈትቼ ጠርዙን እንደገና ሞረድኩት። ማታ ደግመን አየነው፤ ብርሃን አልነበረም።