ዓይኑን የሰበረ ሁሉ ዋሾ አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ ሠራተኛ ለመቅጠር የሚፈትኑ ሰዎች አንድ ስህተት ይደጋግማሉ። «ዓይኑን ሰበረ፤ የሚደብቀው ነገር አለ» ብለው ልጁን ይጥሉታል። ከድሬዳዋው ገንደ ቆሬ ሰፈርም ይምጣ ከሐረር ጀጎል፣ ይህ ልጅ በታላቅ ፊት ያፈጠጠ ዓይነ ደረቅ እንደሚባል እየተነገረው ያደገ ነው። አክብሮቱን እንደ ጥፋት መቁጠር ግፍ ነው! ደግሞም ሰው ከባድ ጥያቄ ሲመጣበት ጣሪያ ወይም ወለል ያያል፤ የሰው ፊት ማየት ራሱ ሐሳብ ስለሚሻማ። ዋሾው ግን እንዳይጠረጠር ብሎ ትክ ብሎ ሊያይዎት ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቤላ ዴፓውሎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ዓይን መሸሽና ውሸት የረባ ዝምድና አልተገኘላቸውም። እውነቱን ከፈለጉ የሚጣራ ነገር ይጠይቁ፤ የት ሠራህ፣ ማን አሠራህ፣ ገንዘቡን ማታ ለማን ታስረክብ ነበር?

ተፈታኙም ይሳሳታል። ፍርሃቱን ለመሸፈን ያፈጣል፣ ወይም መልሱን አቀርቅሮ ይጨርሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። መልስ ሲጀምሩ ዓይን ዘወር ቢል ችግር የለውም፤ የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ግን ዓይንዎን ወደ ጠያቂው ይመልሱ። «ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው» የሚለው ይህ እይታ ነው። ካቀረቀሩ ጠያቂው ገና የሚቀጥሉ መስሎት ይጠብቃል፣ ዝምታው ያስጨንቅዎታል፣ ያላሰቡትን ይቀባጥራሉ። ፈታኞቹ ሦስት ከሆኑ በጠየቀው ይጀምሩ፣ ሌሎቹን ቃኘት አድርገው በጠየቀው ይጨርሱ።

ሐረርም ሆነ ድሬ፣ ሰላም ስትልዎት ዓይኗን ዝቅ ያደረገች ሴት አልናቀችዎትም። እይታዋን ለማግኘት ጎንበስ ብለው አይከተሏት።

አንዱ ሶማሊኛ፣ ሌላው አማርኛ ይዞ በአስተርጓሚ መነጋገር እዚህ የተለመደ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ዓይኑን አስተርጓሚው ላይ ይተክልና ባለጉዳዩን ይረሳዋል። ቋንቋው ባይገባዎትም ባለጉዳዩን ይዩ፣ «አንተ» ወይም «እርስዎ» እያሉ ለእሱው ይናገሩ። አስተርጓሚውን ከባለጉዳዩ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ካስቀመጡት ዓይንዎ አይሸሽም።

ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ ላይ ስህተቱ የገዢ ነው። የሰው ዓይን ነጩ ሰፊ ስለሆነ ወዴት እንደሚያይ ከሩቅ ይታወቃል። የወደዱትን ድሪያ ቀሚስ ትክ ብለው እያዩ «እንዲያው ስንት ነው?» ቢሉ ነጋዴዋ ልብዎን አውቃዋለች። መጀመሪያ የሌሎቹን ዋጋ ይጠይቁ፤ የወደዱትን ከመሀል ያስገቡት።