አዳማ ቁጭ ብላችሁ የምትወዷትን ተዋናይ መድረክም ቲቪም ላይ እንዳታመልጣችሁ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደውላ «ቆይ አንቺ ያቺን ልጅ በምን ታገኛታለሽ፣ እኔ ድራማው ካለቀ በኋላ የት እንደገባች ጠፋችብኝ እኮ» አለችኝ። ያቺ ልጅ ያለቻት ሁለታችንም የምንወዳት ተዋናይት ናት፣ ስሟን እዚህ አልጽፍም ምክንያቱም ስሟን ስጠራ ሰው ስለ ትዳሯ ነው የሚያወራኝ፣ እኔ ደሞ ስለ ስራዋ ነው ማውራት የምፈልገው። አምስት አመት ሊሞላኝ ነው ስከታተላት፣ ያውም አዳማ ሆኜ። እና ለአክስቴ ልጅ በስልክ የነገርኳትን ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው፣ የናንተ ሰው ወንድም ይሁን ሴት አንጋፋም ይሁን ጀማሪ አካሄዱ ያው ነው።

ከትያትር ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ስለሆነ። ሲኒማ የለመደ ሰው ትያትርም በየቀኑ የሚታይ ይመስለዋል። እኛ ሀገር ግን አንድ ትያትር በሳምንት የራሱ ቀን ነው የሚሰጠው፣ ይሄኛው የማክሰኞ ነው ያኛው የሐሙስ ነው ሌላኛው የእሁድ 8 ሰዓት ነው እየተባለ፣ ከዛ ተመልካች እስካለው ድረስ በዛችው ቀኑ ወራት ይቆያል፣ አመት የሚያልፉም አሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምታጣሩት ነገር «ቀኗ መቼ ነው» የሚለውን ነው። አንዳንዷ ደሞ ሁለት ቀን አላት፣ እዚህ ቤት አንድ ትያትር እዛ ቤት ሌላ።

ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ አስባለሁ፣ በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ አለ፣ ፒያሳ ያለው ከ1927 ጀምሮ ታሪኩ የሚቆጠረው ሀገር ፍቅር አለ፣ ሰው ማዘጋጃ ቤት የሚለው የአዲስ አበባው ቴአትርና ባህል አዳራሽ አለ፣ የህፃናትና ወጣቶችም አለ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተዋንያኑ ውስጥ የቤቱ ቋሚ ሰራተኛ የሆኑ በወር ደሞዝ የሚሰሩ አሉ፣ እንደዛ ከሆነች ዞራ ዞራ እዛው ቤት ናት፣ አንዱ ትያትር ሲወርድ ሌላ ላይ ትመጣለች። ተቀጣሪ ካልሆነች ግን ቤቱን ሳይሆን አዘጋጁን ነው መያዝ ያለባችሁ። ፖስተር ስታዩ ፎቶዋን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ታች በትንሹ የተጻፈውን ደራሲና አዘጋጅ እገሌ የሚለውን አንብቡ፣ ፎቶ አንሱት። አዘጋጆች የለመዱትን ሰው ደጋግመው ነው የሚጠሩት። እኔ የልጅቷን ሁለት አዲስ ትያትሮች ሳይመረቁ በፊት ያወቅኩት የአንድ አዘጋጅን ፔጅ ስለምከታተል ነው፣ እሷ ራሷ ምንም አልለጠፈችም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ከሁለት አመት በፊት እናቴን ይዤ እሁድ ጠዋት ከዚህ ተነሳን፣ እማዬ ትያትር ቤት ገብታ አታውቅም፣ ነጭ በነጭ ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ልክ ሰርግ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሆነችው። ገባን፣ መብራት ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ የሷን ቦታ ይዛ የወጣችው ሌላ ልጅ ናት! እማዬ ጠጋ ብላ «ይቺ ናት እንዴ? በቲቪ ቀጠን ትል ነበር» አለችኝ፣ እኔ በንዴትና በሳቅ መሃል ሆኜ መናገር አቃተኝ። ስንወጣ በር ላይ የነበረውን ሰው ብጠይቀው «ቀረፃ ይዟት ክልል ወጥታለች» አለኝ በቃ። የተካቻት ልጅ በደንብ ነው የተጫወተችው ልፋቷን አልበላባትም፣ ግን እኛ ለሌላ ሰው ነበር የሄድነው።

ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም ማለት ይቻላል፣ አሰራሩ ነው። ከትያትር ብቻ የሚኖር ተዋናይ ስንት አለ፣ ድራማም ፊልምም ማስታወቂያም ይሰራሉ፣ ቀረፃ ከከተማ ውጭ ሲሆን ወይም ሲታመሙ ቃለ ተውኔቱን ያጠና ሰው ይተካቸዋል፣ ፖስተሩ ግን እንደተሰቀለ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ትያትር ቤቱ ጋ ደውሉ፣ ስትደውሉ ደሞ «ትያትሩ አለ ወይ» ብላችሁ አትዝጉት፣ አለ ነው የሚሏችሁ። «እሷ ራሷ ናት የምትጫወተው ወይስ የተተካ ሰው አለ» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። የሚያነሳው ሰው ካላወቀ አትናደዱ፣ ትኬት የሚሸጡትን አገናኘኝ በሉት፣ እነሱ ሁሉን ያውቃሉ፣ ማን እንደቀረ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሳይቀር። እኔ አሁን አንዷ ድምፄን ለይታ «የናዝሬቷ ነሽ አይደል» ትለኛለች።

መንገዱ ላይ ብዙ አላወራም፣ ከመናኸሪያ ተሳፍራችሁ በፈጣን መንገዱ ቃሊቲ ትወርዳላችሁ፣ ከዛ ወደ ለገሃር፣ ብሔራዊ ከሆነ ከለገሃር በእግር ነው፣ የድንጋዩ አንበሳ ጋ እንገናኝ የሚባለው እሱው በሩ ላይ ያለው ነው። ለጅቡቲው ባቡር አትጓጉ፣ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ያምራል ግን ጣቢያው ከመሃል ከተማ ራቅ ያለ ነው፣ ሰዓቱም ለትያትር ተብሎ የተሰራ አይደለም። ዋናው ሰዓቱ ላይ ነው፣ የ8 ሰዓቱን ምረጡ። የ11 ወይ የ11 ተኩሉ ትያትር ሲያልቅ መሽቷል፣ ቃሊቲ እስክትደርሱ መኪና ይሳሳል፣ ያለውም ፊታችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራላችሁ። አዲስ አበባ የሚያሳድር ዘመድ ካላችሁ ሌላ ነገር፣ እኔ አለኝ ግን የአክስቴ ባል ትያትር አይቼ መጣሁ ስለው «ትያትር ደሞ ብለሽ ብለሽ» ስለሚለኝ የ8 ሰዓቱ ይሻለኛል።

አንዳንዴ ደሞ እነሱ ይመጣሉ። ትያትር ክልል ሲወጣ አዳማ ቅርብ ስለሆነች አይዘሏትም፣ ፖስታ ቤትና ፍራንኮ አካባቢ ባነር ይሰቀላል፣ መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነው እየዞሩም ያስነግራሉ፣ ገልማ አባ ገዳ በር ላይ የሚሰቀለውንም በባጃጅ ስታልፉ አንገታችሁን አዙሩ። ብቻ እዚህም ያችው ጥያቄ ትጠየቅ፣ ጉዞ ሲሆን ሁሉም ተዋናይ አብሮ አይወጣም። አዳማ ስላለን ደሞ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፣ ኦቢኤን፣ የኦሮሚያው ጣቢያ፣ ዋና መስሪያ ቤቱ እዚሁ እኛ ከተማ ነው፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚሰሩ ተዋንያን ስላሉ የናንተ ሰው በኦሮምኛም የሚሰራ ከሆነ በአማርኛ ቻናል ብቻ ስትፈልጉት ግማሹ ስራው ያመልጣችኋል።

ወደ ቲቪው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ዲሹ። ቤታችሁ ያለው ዲሽ ድሮ ናይልሳት ለሚባለው ሳተላይት የተሰራ ሆኖ ማንም ሳይነካው ከቆየ የሀገር ውስጥ ቻናሎቹ የተሰበሰቡት ኢትዮሳት ላይ ስለሆነ፣ እሱ ደሞ በምስራቅ 57 ዲግሪ ነው፣ ዲሹ ካልዞረ ቻናል ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሪሞቱን ከምትደበድቡ ዲሽ ሰራተኛ ጥሩ። አቦል የሚባለው ቻናል ላይ የሚታይ ከሆነ ደሞ እሱ የዲኤስቲቪ ነው፣ በክፍያ ነው፣ ያለው ጎረቤት ጋ ቡና ይዞ መሄድ ነው። እዛ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ 20 ሰዓት ካለ አስራ ስምንት ቀንሱለት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። የወሩን ቀን ሲጽፉም እንደዛው ነው፣ አንዱ ፔጅ በፈረንጅ አንዱ በኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ እኔ አንዴ የአንድ ድራማ መጀመሪያ ክፍል በዚህ ምክንያት አምልጦኝ ድጋሚውን ጠብቄያለሁ። ድጋሚ ስል፣ ድራማ አብዛኛው ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ በድጋሚ ይተላለፋል፣ መብራት ለሚሄድብን ሰዎች እግዜር ይስጣቸው።

ዩቲዩብ ላይ የፕሮዳክሽኑን ወይ የጣቢያውን የራሱን ቻናል ፈልጋችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። ሌላው ሌላው ፎቶዋን በትልቁ አድርጎ «ጉዷ ወጣ» ብሎ ከፍታችሁ ስታዩት ስለሌላ ሰው ያወራል፣ ወይ ያልወጣ ክፍል ቁጥር ጽፎ የባለፈውን ቆርጦ ይለጥፋል። ዳታ ለመቆጠብ የለሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አውርዱትና ጠዋት ታክሲ ላይ እዩት።

አንድ ነገር ደሞ እወቁ፣ ድራማ ላይ አሁን ስታዩዋት አሁን እየተቀረፀች ነው ማለት አይደለም፣ ቀረፃው ከወራት በፊት ያለቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቲቪ ላይ ስለሆነች ትያትር አትሰራም» ብላችሁ አትደምድሙ። እንደውም ድራማው ምዕራፍ ጨርሶ እረፍት ሲወጣ መድረክ ላይ ፈልጓት፣ የአክስቴ ልጅ ጠፋችብኝ ያለቻት ልጅ ድራማው ካለቀ ሶስት ወር ሳይሞላ ትያትር ላይ ነበረች።

በዓልን አትናቁ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም ጣቢያ የበዓል ልዩ ፕሮግራም ይሰራል፣ ተዋናይ እንግዳ ሆኖ ይቀርባል፣ አጭር ድራማ ይሰራሉ፣ አንዳንዱም ሽንኩርት እየከተፈ ያወራል። እሁድን በኢቢኤስ አይነቱም ላይ አዲስ ስራ ያለው ሰው ሊያስተዋውቅ ይመጣል፣ የሚቀጥለውን ስራ ከአፋቸው የምትሰሙት እንደዚህ አይነት ወሬ መሃል ነው፣ ደብተር ይዛችሁ አዳምጡ።

ድምፅንም ተከታተሉ። ይሄን ያስተማረችኝ እማዬ ናት። ቡና እየቆላች ነበር፣ ጀርባዋን ለቲቪው ሰጥታ፣ ካና ቲቪ ላይ የውጭ ድራማ በአማርኛ እየተወራ፣ እኔ እያየሁ ምንም አልገባኝም እሷ መቁያውን እያማሰለች «ይቺ ያንቺዋ ልጅ አይደለችም እንዴ የምታወራው» አለች። ዞሬ ሳዳምጥ እውነትም እሷ! ካና በ2008 ስርጭት ከጀመረ ወዲህ ፊታቸውን የማናየው ግን ድምፃቸውን የምናውቃቸው ስንቶች ናቸው። ሬዲዮ ትረካና ድራማም እንደዛው ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱን መድረክ ላይ ያላየ ትውልድ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ በሰማው ድምፁ ነው የሚያውቀው። እና ሬዲዮ ላይ መጨረሻ ላይ ስም ሲጠራ አትዝጉት፣ የተወኑት ተብሎ የሚጠራው እዛ ነው።

ሶሻል ሚዲያ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በስሟ የተከፈተ ስንት አካውንት አለ። ጓደኛዬን አንዷ «ተዋናይት ነኝ» ባይ በቴሌግራም ሰላም ብላት ሁለት ሳምንት እህቴ እያለች አውርታት በመጨረሻ ለታመመ ሰው ነው ብላ በቴሌብር አስልካታለች። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ትያትር ቤቱ ወይ ፕሮዳክሽኑ ፖስት ሲያደርግ ታግ የሚያደርገው የቱን እንደሆነ እዩ፣ ከዛ ውጭ ያለው ይቅርባችሁ።

ከትያትር በኋላ ሰላም ልትሏቸው ከፈለጋችሁ፣ ሰላምታው አልቆ ሜካፓቸውን እስኪያጥቡ ትንሽ ታገሱ። ትልልቆቹን ጋሽ እና እትዬ በሏቸው፣ በገፀ ባህሪ ስም አትጥሯቸው፣ ሰው ለሰው የሚባለው ድራማ ይተላለፍ በነበረ ጊዜ አበበ ባልቻን አስናቀ ብሎ ብቻ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር። «ዛሬ እዛች ትዕይንት ላይ እንዲህ ያደረግሽው» ብላችሁ አንድ ነገር ለይታችሁ ብትነግሯት ከአስር ሰልፊ ይበልጣል። እኔ ደብዳቤዋን ስታነብ ጫማዋን ያወለቀችበትን ነገርኳት፣ «እሱን እኮ ማንም አላየልኝም» ብላ እጄን ይዛ አወራችኝ። ትያትሩ እየታየ ግን ስልክ አታውጡ፣ ከመድረክ ላይ ሆነው ያያችኋል፣ እውነት።

እኔ የ12ኛ ክፍል ደብተር የመሰለ አንድ ደብተር አለኝ፣ ትኬቱን እለጥፍበታለሁ፣ ቀኑን፣ ትያትሩን፣ ማንን ሆና እንደተጫወተች፣ ማን እንደተካት። ከዚህ በፊት ተተክታ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱም የድራማዋ ቀረፃ ሊያልቅ አካባቢ ነበር፣ ስለዚህ አሁን ቀረፃ ሊያልቅ ነው ሲባል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ለመጪው እሁድ ደውዬ «አለች» ብላኛለች የትኬቷ ልጅ፣ ግን አሁን የያዘችው ሌላ ድራማ ቀረፃው ሊያልቅ ነው እየተባለ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ደግሜ እደውላለሁ፣ እማዬም ነጠላዋን እስከዛ አታጥብም።