186 አለ፤ ግን የምን 186?

ድሬ ዳዋ ላይ ጠጋኝ ነኝ፤ ሙቀቱ ሲጠና ስልኬ አያርፍም። ፍሪጅ ቆመ፣ ቬንትሌተር ደከመ፣ ባጃጅ አልነሳ አለ። ድሮ ሰው "ተበላሽቷል፣ ና" ብሎ ስልኩን ይዘጋ ነበር። አሁን ደዋዩ ሁሉ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ አለው። ታይዋን ገበያ ገብቶ አንድ ቢጫ ይገዛና፣ ለክቶ ነው የሚደውለው። ጥሩ ነው። ችግሩ ቁጥሩን እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ አይነግረኝም።

ሰፈሩ መብራት እንዳለው፣ ብሬከሩ እንዳልወደቀ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ አይታችኋል ብዬ ልለፍ። እዚህ የምጽፈው ለክታችሁ ቁጥሩ ግራ ላጋባችሁ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ቮልት 1,000 ሚሊቮልት ነው። 1 ኪሎቮልት 1,000 ቮልት ነው። ከሚሊ ወደ ቮልት፣ ከቮልት ወደ ኪሎ ስትሄዱ ነጥቧን ሦስት ቤት ወደ ግራ ትወስዳላችሁ። ስትመለሱ ሦስት ቤት ወደ ቀኝ። 12.6 ቮልት 12,600 ሚሊቮልት ነው፣ አለቀ። ስክሪኑ ላይ ከቪ ፊት ትንሿ ኤም ካለች ሚሊ ነው፣ ኬ ካለ ኪሎ ነው። ትልቁ ኤም ደግሞ ሜጋ፣ ማለትም ሚሊዮን ነው። ትንሿን ኤም በትልቁ የሚጽፍ ሰው አውቃለሁ፤ ከባትሪ ድንጋይ የነጎድጓድ ኃይል ያወጣል።

ምልክት፦ መልቲሜትሩ ከመቶ በላይ ያነባል፣ ፍሪጁ ግን ድምፁ የለም

ከአሥር ጥሪ ስድስት ሰባቱ ይሄው ነው ብል አላጋነንኩም። አንዱን ልንገራችሁ።

ግንቦት ላይ ሳቢያን ከአንድ ቤት ተጠራሁ። ፍሪጁ ከቆመ ሦስት ቀኑ። ልጅየው ኮሌጅ የጨረሰ ነው፣ ራሱ ለክቷል። "186 ነው አቦ፣ ኃይሉ ወርዷል" አለኝ። ጥፋተኛ ነው አልልም። ማታ ማታ ኃይል ሲወርድ 186 ቮልት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ እውነት ይመስላል። ስለዚህ ኃይል የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዛ። የስታብላይዘሩ ቀስት ንቅንቅ አላለም። "የተበላሸ ሸጡልኝ" ብሎ ተጣልቶ በሌላ አስቀየረ። ሁለተኛውም ያው። እናትየው በር ላይ ቆመው "ልጄ፣ ይኼ ፍሪጅ ነው ወይስ ቁም ሳጥን?" አሉኝ። ውስጡ የነበረው የግመል ወተት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

"እስቲ ራስህ ለካና አሳየኝ" አልኩት። መልቲሜትሩን በግራ እጁ ይዞ ጫፎቹን ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ከተተ። 186 አለ። ከዚያ 171። ከዚያ 193። አውራ ጣቱ የስክሪኑን ቀኝ ጠርዝ ሸፍኖታል። "ጣትህን አንሳ" አልኩት። ትንሿ ኤም እዚያች ጥግ ተሸሽጋ ቆማለች። 186 ሚሊቮልት። ነጥቧን ሦስት ቤት ወደ ግራ ውሰዱ፦ 0.186 ቮልት። የግድግዳ ሰዓት የሚያዞረው ባትሪ እንኳን 1.5 ቮልት ነው። በሌላ ቋንቋ፣ መስመሩ ላይ ምንም የለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የመለኪያ ክልሉን ራሱ የሚመርጠው መልቲሜትር ቮልት ፈልጎ ሲያጣ ወደ ሚሊ ይወርዳል። ከአጠገብ ካለው ሽቦ የሚያፈስ ትርፍራፊ አንስቶ ቁጥር ያሳያችኋል። ዜሮ ቢል ማንም አይሳሳትም ነበር። መለያው እርጋታው ነው። እውነተኛ መስመር 219፣ 220፣ 218 እያለ በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ትርፍራፊው ግን እንደ ፌንጣ ይዘላል።

ጥፋቱ የነበረው ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ነው። ስፈታው ፌዙ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ከመዳቡ ሳህን ላይ ተቃጥሎ ተላቋል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ማስቲካ መስሏል። እነዚህን ርካሽ ኤክስቴንሽኖች ስንት ጊዜ ልውቀስ? ገመዱን ሲያዩት ወፍራም ነው። ሲላጥ የፀጉር ያህል ሽቦ ነው፣ እሱም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። በድሬ ሙቀት ላይ ፍሪጅ፣ ቬንትሌተርና ምጣድ አንድ ላይ ይሰኩበታል። ምጣድ!

መፍትሄው፦ መጀመሪያ እንደሚሠራ የምታውቁት ሶኬት ላይ ለኩና የመልቲሜትሩን የ220 መልክ እዩ። ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን አንብቡ፣ ጣታችሁንም አንሱ። ሚሊ ካለ ስታብላይዘር አትግዙ። ከብሬከሩ ጀምራችሁ ወደ ፍሪጁ እየለካችሁ ኑ፤ ቮልቱ ሚሊ የሚሆንበት ቦታ ላይ የተቆረጠው አለ። ከመፍታታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። ፈታችሁ ሽቦ በማጠማዘዝ የምትጠግኑት ነገር አይደለም፣ ኤክስቴንሽኑን ጣሉትና ደህና ግዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፍሪጁን ነቅላችሁ ያንኑ የተቆረጠ ሽቦ ብትለኩ 60 ወይም 90 ቮልት ሊል ይችላል። ሚሊ አይደለም፣ ሙሉ ቮልት ይላል። እሱም ትርፍራፊ ነው፤ የሚጎትተው ዕቃ ስለሌለ ነው ከፍ ያለው። አምፖል ወይም ፍሪጁን ሰክታችሁ ስትለኩ ቁጥሩ ይሞታል። ቢሆንም "ትርፍራፊ ነው" ብላችሁ በእጅ አትንኩ። ትርፍራፊ መስሎት የነካ ጓደኛ ነበረኝ፤ አለ፣ ደህና ነው፣ ግን ከእጁ የተወረወረው ካቻቢቴ ምልክት እስካሁን ጣሪያው ላይ አለ።

ምልክት፦ የባጃጅ ባትሪ "1 ቮልት" አለ

ግራ ጠርዝ ላይ ብቻዋን የቆመች 1 ቁጥር አይደለችም። "ከአቅሜ በላይ ነው" ማለት ነው። ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ሾፌር መምረጫውን 200 ትንሿ ኤም ላይ አድርጎ ባትሪውን ለካ። ያ ቦታ እስከ 200 ሚሊቮልት፣ ማለትም እስከ 0.2 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው። 12 ቮልት ሲመጣበት 1 አለ። ልጁ "1 ቮልት ቀርቶታል" ብሎ ባትሪውን ለቆራሌው ሸጠ። አዲስ ገዛ። አዲሱንም ለካ፦ 1። እኔ ጋ የመጣው ሻጩን ሊከስ ነው። መምረጫውን 20 ላይ አዞርኩለት፣ 12.7 አለ። ዝም አለ። ዝምታው ለአሮጌው ባትሪ ነበር።

የመኪናም የባጃጅም ባትሪ የሚለካው ቀጥታው ቮልት (ዲሲ) ላይ፣ 20 ላይ ነው። 2000 ትንሿ ኤም ላይ ደግሞ ትንሹ የ1.5 ባትሪ 1540 ቢላችሁ 1.54 ቮልት ነው። የሺህ ቮልት ባትሪ አልገዛችሁም።

ምልክት፦ ባትሪው 12.6 ነው፣ ሞተሩ ግን "ቸክ" ብሎ ይቀራል

እዚህ ላይ ሚሊዋን የምንንቃት እኛው ነን። አንዱን ጫፍ የባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን የገመዱ መያዣ ላይ አድርጉና ሰው ያስነሳ። 0.8 ካለ ብዙው ሰው "ዜሮ ነጥብ ምናምን ነው" ብሎ ያልፈዋል። 800 ሚሊቮልት ብላችሁ አንብቡት። እዚያች የጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ሊጠፋ የማይገባው ነው፤ ደህና መያዣ በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ነው የሚያልፈው። መያዣው ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቁ። ከባትሪ ግዢ አድናችኋለሁ።

ጥቃቅኖቹን ላሳልፍ። ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ስትለኩ የሚመጣው 560 ወይም 620 ሚሊቮልት ነው፤ ደህና ነው፣ አትንቀሉት። መልቲሜትሩ ሶኬት ላይ 260 ካለና የጎረቤት መልቲሜትር 220 ካለ፣ የራሱን 9 ቮልት ባትሪ ቀይሩ፤ ሲደክም አብዝቶ ያወራል። መምረጫው ኦም ወይም አምፔር ላይ እያለ ሶኬት ውስጥ አትክተቱት።

ምልክት፦ ትራንስፎርመሩ ላይ 0.4 ተጽፏል፣ "ታዲያ ምን ያደርጋል?"

ይሄን ያለኝ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ሰሌዳው 15 በ0.4 ይላል። ሁለቱም ኪሎቮልት ናቸው። 0.4ቱ 400 ቮልት ነው፣ የሚገድል። 15ቱ 15,000 ነው፣ ሳትነኩትም ከቀረባችሁት ዘሎ የሚደርስባችሁ። ቤታችሁ 220 ነው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መስመር 230 ኪሎቮልት ነው፤ ቁጥሮቹ ወንድማማች ይመስላሉ፣ ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር የላይኛው ሽቦ 25 ኪሎቮልት ነው። በእጅ የሚያዝ መልቲሜትር፣ ሣጥኑ ላይ የፈለገው ይጻፍበት፣ እነዚህ አጠገብ አይደርስም። ላስቲኩ የሳሳ ገመድ ይዞ "ልለካው" የሚል ሰው ካያችሁ መልቲሜትሩን ቀሙት። አትከራከሩ፣ ቀሙት።

መጨረሻ ላይ አንድ የድሬ ነገር። ባጃጁ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መልቲሜትር ስክሪኑ ይጠቁራል። ነጥቧ ልትጠፋ ትችላለች፣ 12.6 የነበረው 126 ይመስላል። አልተበላሸም፣ አትክፈቱት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።