የድሮ አይፖድ ሀርድ ዲስክ ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ ነጭ አይፖድ በመሀረብ ጠቅልለው መጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ 30 ጊጋ የሚይዘው ነው። «ልጄ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዲስኩን ቀይርልኝ» አሉኝ። ምን እንዳለበት ስጠይቃቸው፣ ያረፈው ታናሽ ወንድማቸው በበገና የደረደራቸው መዝሙሮች ከካሴት ተገልብጠውበት ነበር። ነበር የምለው፣ አንድ የሚያውቁት ልጅ «ላስተካክልልዎ» ብሎ ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጋር ሰክቶት፣ አይቱንስ (ሙዚቃ ወደ አይፖድ የሚያስገባው የአፕል ፕሮግራም) «ያለውን አጥፍቼ በዚህኛው ልተካ?» ሲለው እሺ ስላለው ነው። ካሴቱን ደግሞ ከዓመታት በፊት ውሃ አበላሽቶታል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «በቃ የለም ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሙዚቃውን ሳያወጡ ዕቃውን መንካት፦ በዚህ ስህተት ላይ ትዕግሥት የለኝም። ዲስክ ይገዛል፣ ባትሪ ይገዛል፤ ያ በገና ግን ከየት ይገዛል? አይፖድ ከማያውቀው ኮምፒውተር ጋር ሲሰካ አይቱንስ የቆየውን ላጥፋ ይላል። እምቢ በሉት! ዘፈኖቹ ያሉት በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና «አይፖድ ኮንትሮል» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ሚዩዚክ» የሚለውን ክፈቱ። የፋይሎቹ ስም ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ሆኖ ስታዩ አትደንግጡ፤ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም እፋይሉ ውስጥ አለ። ሁሉንም ገልብጡ። በማክ የተዘጋጀ አይፖድ ዊንዶውስ ላይ አይነበብም፤ ያን ጊዜ «ፎርማት ላድርገው?» የሚለውን ሳትቀበሉ ማክ ያለው ሰው ፈልጉ። ዲስኩ ከደከመ ደግሞ «ገና ይሠራል» እያላችሁ አትስሙበት። የቀረችው ጉልበት ለመገልበጥ ትዋል።

ሳይመረምሩ ዲስኩን መውቀስ፦ ሜኑንና የመሃሉን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑና አይፖዱ እንደገና ይነሳ። የፖሙ ምልክት ሲመጣ የመሃሉንና ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ያዙ። በ2005ቱ ላይ የመመርመሪያ ዝርዝር ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ የዲስኩን ጤንነት የሚያሳዩ ቁጥሮች አሉ። የተበላሹ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ቁጥር ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል፤ አይፖዱ ወድቆ ዲስኩን የሚያያይዘው ሪባን (ጠፍጣፋ ስስ ገመድ) ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ዓይነቱን ሳይለዩ ዕቃ ማስመጣት፦ በሀርድ ዲስኩ ቦታ ሚሞሪ ካርድ እንዲገባ የሚያደርገው አስማሚ እዚህ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከተሳሳታችሁ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ወራት ትጠብቃላችሁ። የ2004ቱ ሀርድ ዲስክ ባለ 50 ፒን ሶኬት ነው፤ የ2005ቱ በስስ ሪባን ይያያዛል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። «ክላሲክ» የሚባሉት የ2007ና የ2008 አይፖዶች ከነራሳቸው ሶፍትዌር ከ128 ጊጋ በላይ ካርድ አይቀበሉም፤ የ2009ኙ ግን ይቀበላል።

ያገለገለ ሀርድ ዲስክ መግዛት፦ አሁን የሚገኙት አብዛኞቹ ከሌላ አይፖድ የተነቀሉ ናቸው፤ የራሳቸውን ዕድሜ ጨርሰዋል። ሌላም ነገር አለ። የዲስኩ ማንበቢያ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። አምራቹ ለአይፖድ ያስቀመጠው ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ነው፤ የእንጦጦ አናት ከዚያ ያልፋል። ማለዳ እንጦጦ የምትሮጡ ልጆች፣ እባካችሁ ካርድ አስገቡ።

በጉልበት መክፈት፦ የጀርባው ብረት ከፊቱ ጋር በሁለት ሪባን ተያይዟል፤ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫው ነው። እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት የእህቴን ነበር። በቢላ ፈልቅቄ እንደ መጽሐፍ ገለጥኩትና የባትሪውን ሶኬት ከነሥሩ ከቦርዱ ነቀልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የጊታር መምቻ ፕላስቲክ ተጠቀሙ፤ ክፍተቱ ጣት ሲያሳልፍ ቁሙ፤ የሶኬቱን መቆለፊያ ቀስ ብላችሁ አንሱና ሪባኑን አላቁ። ከ2007 ወዲህ ያሉት ፊታቸውም ብረት ስለሆነ ይጣመማሉ፤ ጀማሪ በእነሱ አይለማመድ።

ያበጠ ባትሪ በብሎን መፍቻ አይፈነቀልም፤ ከተበሳ ይነዳል።

ፌክ ሚሞሪ፦ 256 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 8 ሆኖ አግኝቻለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ 8 ጊጋው ሲያልፍ ግን ዘፈኖቹ እየዘለሉ ያልፋሉ፣ ሰውየውም አስማሚው ተበላሸ ብሎ ይመጣል። ካርዱን አይፖዱ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ኤፍ3 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ አስነብቡት። ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም ይፍጅ።

የአይፖዱን ሶፍትዌር ስትጭኑ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይሁን፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ክዳኑንም አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትግጠሙት።

አሮጌውን ዲስክ መጣልም ስህተት ነው። የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ሊገኝ ይችላል። የጋሼን አይፖድ በካርድ አስነስቼ ሰጠኋቸው፤ ዲስኩን ግን ለምኜ አስቀረሁት። ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የገቡት ዘፈኖች ጥቂት ስለነበሩ መላውን አልሸፈኑትም። መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን አነሳሁ፣ አሁን በቅጂው ላይ እየፈለግሁ ነው። ትናንት ማታ የአንድ መዝሙር ግማሽ ወጣ። በገናው ይሰማል።