«በደሙ ነው» ከማለታችን በፊት፦ የሩጫ አቅማችንን ራሳችን የምንፈትሽበት መንገድ

ጃን ሜዳ በማለዳ ትንሽ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ ይህን ወሬ አታጡም። አንዱ ሽው ብሎ ሲያልፍ «እሱማ በደሙ ነው» ይባላል። ሌላው እያነከሰ ሲወጣ «ይሄ ልጅ ለሩጫ አልተፈጠረም» ይባላል። ሁለቱንም ስሰማ ይቆጨኛል። በዚህች አንዲት አባባል ጫማውን የሰቀለ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

ዘር ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። አለው፣ ያውም ትልቅ ቦታ። በቆጂን ተመልከቱ፦ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም ከዚያችው ከተማና ከአካባቢዋ ናቸው። ከዲባባ ቤት ብቻ ሦስት እህትማማቾች የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አጥልቀዋል፤ ደራርቱም ዘመዳቸው ናት። ግን እህትማማቾቹ የተካፈሉት ደም ብቻ አይደለም። ከአንድ ማዕድ በልተዋል፣ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት ዳገት ወጥተዋል፣ ታላቂቱ ስትሮጥ ታናሺቱ እያየች አድጋለች። ደሙን ከዳገቱ ለይቶ መመዘን ከባድ ነው።

ስለዚህ «በዘሬ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉትና «ሰውነቴ ለልምምድ ምን መልስ ይሰጣል? ምን ያህልስ ይዘልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን በአንድ የእጅ ሰዓትና በአንድ ደብተር ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ገንዘባችሁን አትርፉ

ምራቅ መርምረው «ልጅዎ ለአጭር ርቀት ነው፣ ለረጅም ርቀት ነው» የሚል ወረቀት የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። በተለይ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ማስታወቂያው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዘርፉ ተመራማሪዎች ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ እነዚህ ምርመራዎች ተሰጥኦ ለመለየትም ሆነ ልምምድ ለመንደፍ ቦታ ሊኖራቸው እንደማይገባ ተናግረዋል። ልጆች እስኪጎረምሱ ኳሱንም፣ ገመድ ዝላዩንም፣ ያሻቸውን ይጫወቱ።

ምክንያቱን በአንድ ጂን ላሳያችሁ። ኤሲቲኤን 3 ይባላል። በፈጣን የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን የሚሠራው በእሱ ነው። በዓለም ላይ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህ ፕሮቲን ጭራሽ የለውም፣ ጤናው ግን ምንም አይልም። «ፕሮቲኑ የሌለው ሰው ለረጅም ርቀት ይሆናል» ተባለ። ተመራማሪዎች ወደ ኢትዮጵያና ኬንያ ሲመጡ ግን ነገሩ አልገጠመም። ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰዎች በኢትዮጵያ 11 በመቶ፣ በኬንያ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ማራቶኑን ከእኛ ጋር የምትናጠቀው ኬንያ ማለት ናት። ታላላቆቹ ሯጮችም በዚህ ጂን ከቀረው ሕዝብ አልተለዩም። አቅም የሚመጣው እጅግ ብዙ ትንንሽ ልዩነቶች ተደምረው ነው። አንዷን ነጥሎ መጠየቅ ከአንድ ማዳበሪያ ጤፍ አንዲት ፍሬ አንስቶ እንጀራው ዓይን ይኖረው እንደሆነ እንደመገመት ነው።

ከዚያ ቤተሰባችሁን ጠይቁ

የተሻለ መረጃ ቤታችሁ አለ፣ በነፃ። ቡና ሲፈላ ሁለት ነገር ጠይቁ።

አንደኛው የልብ ጉዳይ ነው፤ ይሄን እንዳትዘሉት። ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት ወድቆ የሞተ የቅርብ ዘመድ አለ? ካለ፣ ወይም ስትሮጡ ደረታችሁን አሟችሁ ወይ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ጠንካራ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት የልብ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ያሳያሉ። የልብ ጡንቻ ያለልክ የሚወፍርበት በዘር የሚመጣ ሕመም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታመመው ወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ሁለተኛው የጅማት ነው። እናቴ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት እርምጃዎች ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። በጣቶቿ ጫፍ፣ ተረከዟን መሬት ሳታስነካ። ዕድሜ ነው እንል ነበር። እኔ በ31 ዓመቴ ኮሮኮንች ላይ ረጅም ሩጫ ሠርቼ በነጋታው ልክ እንደሷ ግድግዳ ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ አየችኝ። «ውይ ልጄን፣ የኔን ወረስክ» አለችኝ። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ኮላጅን (ጅማት የሚገነባበትን ፕሮቲን) በሚሠሩ ጂኖች ላይ ያለ ልዩነት ከተረከዝ ጅማት ጉዳት ጋር እንደሚያያዝ አግኝተዋል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ዳገትና ፍጥነት ስጨምር ከጓደኞቼ ቀስ ማለት እንዳለብኝ ነው። ሩጫውን አልተውኩም።

12 ሳምንት ስጡት

የማትቀያይሩት የ5 ኪሎ ሜትር መንገድ ምረጡ። ዛሬ አቅማችሁን ሳትሰስቱ ሩጡትና ሰዓቱን ጻፉ። በየአራት ሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ድገሙት። የተኛችሁትን ሰዓትም አብራችሁ ጻፉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዘሩን ይረግማል።

ለውጥ ካላያችሁስ? ሄሪቴጅ በሚባለው ትልቅ ጥናት ስፖርት የማያዘወትሩ ቤተሰቦች ለ20 ሳምንት አንድ ዓይነት ልምምድ ሠሩ። የአንዳንዱ አቅም በጣም ጨመረ፣ የአንዳንዱ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ ከቤተሰብ የመጣ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከስዊዘርላንድ የወጣው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 78 ወጣቶች በሳምንት ከአንድ እስከ አምስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት ብስክሌት ላይ ሠሩ። በሳምንት አንድ ቀን ከሠሩት 69 በመቶው ምንም ለውጥ አላመጡም። አራትና አምስት ቀን ከሠሩት መሃል ያልተለወጠ አንድም አልነበረም። ያልተለወጡት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ተጨምሮላቸው ሌላ 6 ሳምንት ሲሠሩ ሁሉም ተለወጡ።

እንግዲህ ደማችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ የቀላል ሩጫ ቀን ጨምሩ። ፍጥነት አይደለም፣ ቀን።

መዝለቅን መለካት

ፍጥነት አንድ ነገር ነው፣ መዝለቅ ሌላ። ቀነኒሳ የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰኑን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ፣ በ41 ዓመቱ፣ ለንደን ማራቶንን በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በመካከሉ በባትና በተረከዝ ጉዳት ብዙ ተቸግሯል። እኔን የሚገርመኝ እንግዲህ ያ 20 ዓመት ነው።

የራሳችሁን እንዲህ ለኩ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ 15 ደቂቃ አሟሙቁ። ከዚያ እያወራችሁ ልትሮጡ በምትችሉት ፍጥነት 80 ደቂቃ ሩጡ፣ ፍጥነቱን ሳትቀይሩ። የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ አማካይ የልብ ምት ከሁለተኛው ጋር አስተያዩ። 140 የነበረው 143 ከሆነ ጥሩ ናችሁ። 147 ከደረሰ 5 በመቶ ጨምሯል፤ አሰልጣኞች ድንበሩን እዚያ ላይ ያደርጉታል። 155 ከገባ ግን ሞተሩ ቢኖርም አይዘልቅም ማለት ነው። ሙቀትና የውኃ ጥምም ምቱን ስለሚያስወጡት በአንድ ቀን ውጤት አትፍረዱ። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት የሌላችሁ በየመካከሉ ቆም ብላችሁ አንገታችሁ ላይ 15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙት።

ይህ ቁጥር የሚወርደው በቀላል ኪሎ ሜትር ብዛት ነው። ረጅሙን ሩጫ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ጨምሩ፣ በየአራተኛው ሳምንት መልሳችሁ ቀንሱ። በደንብ ብሉ። ያለ ምክንያት የምትዝሉ ከሆነ፣ በተለይ ሴቶች፣ የብረት መጠናችሁን በደም ምርመራ እዩ። ስንቱ የብረት እጥረት «ዘር» እየተባለ ቀርቷል።

ጅማቱን አትርሱ

ልብና ሳንባ ቶሎ ይጠነክራሉ። ጅማት ይዘገያል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ትንፋሹ ቀድሞ ሲሻሻል ጅማቱን ጥሎት ስለሚሮጥ ነው።

ለእኔ የሠራልኝ የደረጃው ልምምድ ነው። ሃካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ነው። የደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቻችሁ ቁሙ። በደህናው እግር ወደ ላይ ተነሡ። ከዚያ ክብደታችሁን ወደ ታመመው እግር አዙሩና ተረከዙ ከደረጃው በታች እስኪወርድ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ። ቀጥሎ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙ። ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ 12 ሳምንት። መጀመሪያ ትንሽ ያማል፣ ያ ደህና ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ያለው ሕመም ከትናንቱ ከባሰ ግን የዚያን ቀን ሩጫ ተዉና ደረጃውን ብቻ ሥሩ። እኔ በዘጠነኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ግድግዳውን ሳልይዝ መታጠቢያ ቤት ደረስኩ። አሁን እናቴም ምሰሶ ይዛ በረንዳው ደረጃ ላይ ትሠራለች፣ አሥር አሥር ጊዜ።