እንቁላል የሚወሰድበት ቀን ሲቃረብ፦ የማደንዘዣን ፍርሃት እንዴት መያዝ ይቻላል

በአይ ቪ ኤፍ ሕክምና (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው ፅንሱ ወደ ማህፀን በሚገባበት ሕክምና) ላይ ያሉ ብዙ ሴቶች ለአሥር ቀናት ያህል ሆዳቸው ላይ መርፌ ሲወጉ ሳይደነግጡ ቆይተው፣ እንቁላል የሚወሰድበት ቀን ሲቃረብ ግን እንቅልፍ ያጣሉ። መርፌውን ለምደውታል፤ የሚያስጨንቃቸው ተኝተው ሳለ የሚሆነውን አለማየታቸው ነው። በዚህ ላይ እናትም ታላቅ እህትም በዚህ መንገድ ያላለፉ ስለሚሆኑ፣ ቤት ውስጥ ጠይቀው የሚረዱት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ሕክምናው በመንግሥት ሆስፒታልም መሰጠት ቢጀምርም፣ ስለ ማደንዘዣው በግልጽ ሲወራ የሚሰማው አሁንም ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ የተመሠረተው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ መፍራትዎ ሕክምናውን አያበላሸውም፣ ፍርሃቱ የሚያስደብቅዎ ነገር ግን ሊያበላሸው ይችላል።

በመጀመሪያ የሚደረገውን በትክክል ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይ ቪ ኤፍ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተገኘችበት እንቁላል የተወሰደው እናቷ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት፣ በሆድ በኩል በገባ መሣሪያ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ አይከፈትም፤ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በብልት በኩል ቀጭን መርፌ ያስገባና ከእንቁላል ከረጢቶቹ ውስጥ ፈሳሹን ይስባል። ሥራው ባብዛኛው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። በብዙ ቦታ የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባ፣ ራስዎ እየተነፈሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ ስለ ቀዶ ጥገና ወሊዷ ወይም በወገቧ ስለተወጋችው መርፌ የነገረችዎት ሁሉ በእርስዎ ላይ ይደርሳል ብለው አይጨነቁ።

ቀጥሎ ፍርሃትዎን ነጥለው ይለዩት። «ማደንዘዣ እፈራለሁ» ማለት ለባለሙያው ብዙም አይነግረውም፤ የሚፈሩት ምን እንደሆነ ሲያውቅ ግን የሚያደርገው ነገር ይኖረዋል። «ባልነቃስ?» ለሚለው መልሱ፣ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ከራስጌዎ ሆኖ የልብ ምትዎን፣ የደም ግፊትዎንና በጣትዎ ላይ በሚደረገው መለኪያ የኦክስጅን መጠንዎን እንደሚከታተል ነው። ከአደጋ ፍጹም ነጻ የሆነ ሕክምና የለም፤ ነገር ግን ጤነኛ በሆነች ሴት ላይ ከባድ ችግር የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ በብዛት የሚያጋጥመው የትንፋሽ መዳከምም አገጭን ቀና በማድረግና ኦክስጅን በመስጠት የሚስተካከል ነው። «እየተወጋሁ ብነቃስ?» ለሚሉ ደግሞ፣ የሚሰጥዎ ቀለል ያለ ማስታገሻ ነው ወይስ ጥልቅ እንቅልፍ የሚለውን አስቀድመው ይጠይቁ። ቀለል ባለው ድምፅ መስማትና ግፊት መሰማት የተለመደ ነው፤ ይህን ያላወቀች ሴት መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ትደነግጣለች። ሕመም ከተሰማዎ የሚሰጡትን ምልክት፣ ለምሳሌ እጅ ማንሳትን፣ ከባለሙያው ጋር ይስማሙ።

በመድኃኒቱ ተጽዕኖ ምስጢር ማውጣትን የሚፈሩም አሉ፤ ይህ እንደሚመስለው የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። ሲነቁ የተቆራረጠ ነገር ማጉረምረም ይኖራል እንጂ መድኃኒቱ የልብን ሐቅ የሚያስለፈልፍ አይደለም፤ የተሰማውንም ባለሙያዎቹ እንዲጠብቁ ሙያቸው ያስገድዳቸዋል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ይጎዳ እንደሆነ ለሚያስቡ፣ በብዛት ከሚሰጠው ፕሮፖፎል ጥቂቱ ወደ እንቁላሉ ከረጢት ፈሳሽ እንደሚደርስ ይታወቃል፤ ሆኖም በተለመደው አሰጣጥ የእርግዝናን ዕድል እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የምግብ ጉዳይ ነው። እንቁላሉን የሚያበስለው የመጨረሻ መርፌ ከተወጋ በኋላ እንቁላሉ የሚወሰደው ባብዛኛው ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ እንቁላሎቹ በራሳቸው ሊወጡና ሊጠፉ ይችላሉ። ቀኑን ወደ ነገ ማዛወር ስለማይቻልም፣ በስህተት ቁርስ የቀመሰች ሴት «ይሰርዙብኛል» ብላ እንድትደብቅ ትፈተናለች። እንዲህ ያለው ዝምታ አደገኛ ነው፤ ተኝቶ ያለ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። እውነቱን ከተናገሩ ግን ቡድኑ አማራጭ አለው፤ ሰዓቱ በሚፈቅደው መጠን ሊያቆይዎ፣ ወይም ንቃትዎን ሳያጠፋ በወገብ በሚሰጥ ወይም ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል።

የተቋምዎ መመሪያ እንደሚቀድም ሆኖ፣ ከማደንዘዣው በፊት ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚቆዩበት የተለመደው ልክ ለቅባትና ለሥጋ 8 ሰዓት፣ ለቀላል ምግብና ለወተት 6 ሰዓት፣ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ነው። ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይና ጥቁር ቡና የጠራ ፈሳሽ ናቸው፤ ማኪያቶና አጥሚት ግን እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ጸበል በማለዳ የሚጠጡ ከሆነ እሱም ውኃ ስለሆነ በሰዓቱ ልክ ይጠጡ፤ መጠጣትዎንም ይናገሩ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳውቁ፦ ደም የሚያቀጥኑትን፣ ለክብደት መቀነሻ የሚወጉትን እንደ ኦዜምፒክ ያሉትን (ምግብ ከሆድ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋሉ)፣ የባህል መድኃኒትንና ጫትንም ጭምር። የሚጠየቁት ለፍርድ አይደለም፤ መጠኑን ለመወሰን ነው።

ከቀኑ በፊት ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር በአካል ወይም በስልክ እንዲነጋገሩ ይጠይቁ። ከዚህ ቀደም ማደንዘዣ ወስደው ያስመለስዎ፣ ለመንቃት የተቸገሩ ወይም በቤተሰብዎ ችግር የደረሰበት ሰው ካለ ይንገሩ። ኬታሚን የተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት ሊሰጥ እንደሚችል ከተነገረዎ፣ ሲነቁ እንግዳ ሕልም የሚመስል ነገር ሊታይዎ ስለሚችል ቅዠት የሚያስቸግርዎ መሆኑን አይደብቁ። ጥቃት የደረሰባት ወይም በግርዛት ጠባሳ ምክንያት ምርመራ የሚያስጨንቃት ሴት፣ እግሯ ከተኛች በኋላ እንዲነሳና በተቻለ መጠን ሴት ባለሙያ አብራት እንድትሆን መጠየቅ ትችላለች። ምክንያቱን መዘርዘር አይጠበቅባትም፤ «ይህ ቦታ ያስጨንቀኛል» የሚለው በቂ ነው።

በዕለቱ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ በጣት ላይ ያለውን መለኪያ ሊያሳስት ስለሚችል ቢያንስ አንድ ጣት ነጻ ይተዉ። ወርቅዎን ቤት ያስቀምጡ። ማተብዎን በጥሰው የሚጥሉብዎ መስሎዎት ከሆነ፣ ክሩ ባለበት እንዲቆይ ወይም በእጅ አንጓዎ ላይ እንዲታሰር፣ የብረት መስቀሉም በፕላስተር እንዲሸፈን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ይህን የሚከለክሉ ባለሙያዎች ብዙ አይደሉም። እንደ ወተት የነጣው ፕሮፖፎል በክንድዎ ሲገባ ለጥቂት ሰከንዶች ሊያቃጥል ይችላል፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። የኦክስጅን ጭምብል ያፍነኛል ከሚሉት ወገን ከሆኑ በአፍንጫ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ይጠይቁ። አየር ከሚያስገቡበት ይልቅ የሚያስወጡበትን ማርዘም የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ጸሎት የሚደግሙም በዚያው ፍጥነት ቢደግሙት ያው ይሠራል።

ሕክምናውን ከቤተሰብ ደብቀው የሚከታተሉ ጥንዶች ብዙ በመሆናቸው ብቻዋን የምትመጣ ሴት አትጠፋም። ይህ አይመከርም፤ ለ24 ሰዓት መኪና መንዳትም ሆነ ውል መፈረም አይገባም፣ ቤት ውስጥም የሚጠብቅዎ ሰው ያስፈልጋል። ባልዎ በዚያው ጠዋት የዘር ናሙና ለመስጠት ስለሚመጣ እሱ ቢሆን ምስጢሩም አይወጣም።

ሲነቁ ማልቀስ፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው። ስንት እንቁላል እንደተገኘ ይነገርዎታል፤ ግን መድኃኒቱ ትውስታን ስለሚያደበዝዝ ደግመው ደጋግመው መጠየቅዎ አይቀርም፣ ስለዚህ አብሮዎት ያለው ሰው ይጻፈው። ቤት ከገቡ በኋላ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም እብጠት፣ ብዙ ደም፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ተቋሙ ይደውሉ። ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበትን ቀን በተመለከተ ደግሞ፣ ያ ሥራ ባብዛኛው ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ፊኛዎ ሞልቶ እንዲመጡ ስለሚፈለግ ውኃ ጠጥተው ይሄዳሉ።